አንገቱ በተጎዳ ሰው ላይ የካሮቲድ ጉዳት ሲጠረጠር፦ ከአደጋው ቦታ እስከ ክትትሉ

አንገት ላይ ደም የሚተፋ ቁስል ሁሉንም ያስሮጣል። ቆዳው ሳይቀደድ ውስጡ የተሰነጠቀ ካሮቲድ (ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት ደም ቅዳ) ግን ማንንም አያስሮጥም። ተጎጂው ይናገራል፣ ይራመዳል፣ የራስ ሲቲ ስካኑም «ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። በማግስቱ አፉ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። በጉዳቱና በስትሮኩ መካከል ያለው ይህ ምልክት አልባ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 72 ሰዓት ይደርሳል። ሕክምናው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም፤ በአብዛኛው አስፕሪን ወይም ሄፓሪን ነው። ከባዱ ነገር ምንም ሳይታይ መጠርጠሩ ነውና በዚህ መመሪያም ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

መመሪያው በድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ መግቢያ ግን በአደጋ ቦታ ለተገኘ ለማንም ሰው ይጠቅማል።

የሚጎዳው ምኑ ነው?

ካሮቲድ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚወጣ ደም ቅዳ ነው። በማንቁርቱ የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። ውጫዊው ቅርንጫፍ ፊትንና የራስ ቆዳን ይመግባል፤ ውስጣዊው በአንገት ላይ አንድም ቅርንጫፍ ሳያወጣ በራስ ቅል ወለል አልፎ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይሄዳል። አሳሳቢው ይህ ውስጣዊው ነው።

አንገት በኃይል ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲጠመዘዝ፣ ውስጣዊው ካሮቲድ በላይኛዎቹ የአንገት አከርካሪዎች የጎን አጥንት ላይ ይወጠራል። የደም ቅዳው ግድግዳ ሦስት ንብርብር ያለው ሲሆን ቀድሞ የሚሰነጠቀው ስሱ የውስጠኛው ሽፋን ነው። ውጪኛው ንብርብር ስለሚይዝ ደም ወደ ውጭ አይፈስም። በስንጥቁ የገባው ደም ግን ንብርብሮቹን እየለያየ መተላለፊያውን ያጠብባል፤ ይህ ዲሴክሽን ይባላል። በተላጠው ቦታ ላይ ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ይሰበሰባሉ፣ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ አንጎል ሲወጣ ስትሮክ ይከተላል። ምልክቱ ሰዓታት የሚዘገየው ይህ ሂደት ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ አራት ዓይነት ነው። አንዱ አሁን የተገለጸው መለጠጥና መጠምዘዝ ሲሆን በተለይ በመኪና አደጋ ይታያል። ሁለተኛው በአንገት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ምት ወይም ጫና ነው፤ የመኪና ቀበቶ፣ በሞተር ብስክሌት ሲሄዱ አንገት ላይ የሚጠልፍ ገመድ፣ መታነቅና መሰቀል እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው በአፍ ውስጥ የሚደርስ ነው፤ እርሳስ ወይም የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ ይዞ የወደቀ ሕፃን ከቶንሲሉ ጎን ትንሽ ቁስል ብቻ ሊታይበት ይችላል። አራተኛው የራስ ቅል ወለል ሲሰበር የአጥንቱ ስባሪ ደም ቅዳውን የሚወጋበት ነው። ስለት፣ ጥይትና ፍንጣሪ ደግሞ ከእነዚህ የተለየ የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ በእነሱ እንጀምር።

እርምጃ 1፦ የሚደማውን ማቆም

ጓንት ያድርጉና በንጹሕ ጎዝ ወይም ጨርቅ፣ በሁለት ወይም በሦስት ጣት፣ ደሙ በሚወጣበት ነጥብ ላይ በቀጥታ ይጫኑ። ጨርቅ ከምሮ በመዳፍ መጫን ብዙ ጊዜ ደሙን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያቆመውም። በአንገት ዙሪያ ፋሻ አይጠምጥሙ፤ የአየር ቧንቧውንም የጤነኛውን ጎን ደም ቅዳም ያንቃል። የተሰካ ቢላ ወይም ብረት ካለ አይንቀሉት፤ እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ደግፈው ይሂዱ። ደም መልስ ከተቀደደ አየር በቁስሉ በኩል ወደ ልብ ሊሳብ ስለሚችል ቁስሉ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ ያድርጉ፤ ተጎጂውም ከቻለ በጀርባው ይተኛ። አፉ ደም እየሞላበት ቁጭ ማለትን የመረጠ ሰው ግን በግድ አይተኛም።

ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ የጣት ጫና ደሙን ካላቆመው ፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ የሚሞላ ፊኛ ያለው የሽንት ቱቦ) ይጠቀሙ። 18 ወይም 20 ቁጥር ካቴተር በቁስሉ ቀስ አድርገው ያስገቡና ደሙ እስኪቆም ፊኛውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሙሉት። የካቴተሩን ጫፍ ቆልፈው የቁስሉን አፍ በዙሪያው ይስፉ። ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪዘጋጅ ሕይወት ያቆያል።

ቁስሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለማወቅ ጣት ወይም መሣሪያ አይስደዱበት። በዚህ ሰዓት የሚፈለገው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ፕላቲስማ የተባለውን ከቆዳ ሥር ያለ ስስ ጡንቻ አልፏል ወይስ አላለፈም? ይህ የቁስሉን ጠርዝ በቀስታ በመለየት ይታያል። ከዚያ በላይ መቆፈር የረጋውን ደም አንስቶ መድማቱን እንደገና መቀስቀስ ነው። የአፍንጫ ቱቦ ማስገባትም ሆነ ተጎጂውን የሚያስል፣ የሚያስታውክ ማንኛውም ነገር በዚህ ሰዓት ቢቀር ይሻላል።

የአየር መንገዱን ቀድመው ያስቡበት። አንገት ውስጥ የሚያድግ የደም እብጠት አሁን የሚተነፍስን ሰው ከትንሽ ጊዜ በኋላ ቱቦ እንኳ የማይገባለት ሊያደርገው ይችላል። ድምፅ መጎርነን፣ ሲተነፍሱ ማፏጨትና ምራቅ መዋጥ አለመቻል ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ቱቦውን የሚያስገባው በቦታው ካሉት ሁሉ ልምድ ያለው ሰው ይሁን፤ በአንገት በኩል አየር መንገድ ለመክፈት የሚያስፈልገው ዕቃም በአጠገቡ ተዘርግቶ ይጠብቅ።

ቱቦና ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ግን ግማሽ ደቂቃ ይውሰዱ። ይናገራል? አራቱንም እጅና እግሩን ያንቀሳቅሳል? የዓይኖቹ ብሌኖች እኩል ናቸው? ያገኙትን ከነሰዓቱ ይጻፉ። ከማደንዘዣ በኋላ ይህን መረጃ ከየትም አያገኙትም፤ ቀዶ ሐኪሙ ደም ቅዳውን ልጠግን ወይስ ልሰር ብሎ ሲያመነታም፣ ስትሮኩ መቼ ጀመረ ተብሎ ሲጠየቅም የሚፈለገው ይኸው ነው።

ስለ ኮላር (የአንገት መደገፊያ)፦ በስለት ብቻ ለተወጋና የነርቭ ምልክት ለሌለበት ሰው በልማድ አይደረግም። ቁስሉንና የሚያድገውን እብጠት ይሸፍናል፣ የአየር መንገድ ሥራንም ያከብዳል። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ለተጎዳ ግን አከርካሪው ጤነኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አንገቱ ይጠበቃል።

እርምጃ 2፦ በስለት ወይም በጥይት ከሆነ፣ ቀዶ ክፍል ወይስ ሲቲ?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ምስል ፍለጋ ጊዜ አይባክንም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። በጫና የማይቆም ወይም እንደ ልብ ምት እየተፈናጠረ የሚወጣ ደም፤ እያደገ ወይም እየመታ የሚሄድ እብጠት፤ በእጅ የሚዳሰስ ንዝረት ወይም በስቴቶስኮፕ የሚሰማ የሹሹታ ድምፅ፤ ፈሳሽና ደም ተሰጥቶ የማይሻሻል ሾክ፤ በቁስሉ አየር እየተንቦጨቦጨ መውጣት፤ ደም በብዛት ማስታወክ ወይም ማሳል፤ የአየር መንገድ መዘጋት። በአንድ ጎን መዛልም ከእነዚህ ይቆጠራል፤ ሆኖም ተጎጂው የተረጋጋና ደሙ የቆመ ከሆነ በመንገድ ላይ ፈጣን ሲቲ አንጂዮግራፊ (ኮንትራስት የተባለ ምስል አጉሊ ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጥቶ ደም ሥሮችን የሚያሳይ ሲቲ) ማንሳት ቀዶ ሐኪሙን ይጠቅመዋል።

ሌላው ሁሉ፣ ፕላቲስማን አልፎ ያለ ግልጽ ምልክት የመጣ ቁስል፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይደረግለታል። ድሮ አንገት በሦስት ቀጠና እየተከፈለ ይወሰን ነበር፦ ከደረት አጥንት ጫፍ እስከ ክሪኮይድ (በማንቁርት ታችኛው ጫፍ ያለ ቀለበት መሰል ለስላሳ አጥንት) አንደኛው፣ ከክሪኮይድ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ሁለተኛው፣ ከዚያ በላይ እስከ ራስ ቅል ወለል ሦስተኛው ነው። የመካከለኛው ቀጠና ቁስል ሁሉ በቀዶ ይከፈት ነበር። ክፍፍሉ ዛሬም ለቀዶ ሐኪሙ ጠቃሚ ነው፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን ቀጠና በአንገት ላይ ባለ ቀዳዳ ብቻ መድረስ ይከብዳልና። ነገር ግን ቆዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ስለቱ ወይም ጥይቱ ውስጥ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። ስለዚህ አሁን የሚታመነው በመጀመሪያ ምልክቱ፣ ቀጥሎ ምስሉ ነው።

እርምጃ 3፦ ቆዳው ካልተቀደደ፣ የተደበቀውን መፈለግ

በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ ወይም በመታነቅ የመጣን ሰው ሲመረምሩ እነዚህን በስም ይፈልጓቸው፤ ራሳቸው አይመጡም።

ዓይን፦ በአንድ ጎን ብቻ ቆቡ ትንሽ ወረድ፣ ብሌኑም ጠበብ ያለ እንደሆነ ይዩ። ሆርነር ሲንድሮም ይህ ነው። የሲምፓቴቲክ ነርቭ ክሮች ውስጣዊውን ካሮቲድ ታክከው ስለሚወጡ የደም ቅዳው ግድግዳ ሲያብጥ ይጎዳሉ። በደማቅ ብርሃን ሁለቱም ብሌኖች ስለሚጠቡ ልዩነቱ ይጠፋል፤ መብራቱን ቀንሰው ይዩት። ፊቱ ያበጠ ሰው ላይ ቆቡ የወረደው በእብጠቱ ነው ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው፤ ብሌኑን ግን እብጠት አያጠበውም።

አንገትና ጆሮ፦ በአንድ ጎን አንገት፣ መንጋጋ ወይም ከዓይን ጀርባ የሚሰማ አዲስ ሕመም፣ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የጆሮ ጩኸት፣ በካሮቲድ ላይ የሚሰማ ሹሹታ። ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ሹሹታ ከተሰማ በደም ቅዳ ውስጥ የቆየ የስብ ክምችት ነው ብለው አይለፉት።

የነርቭ ምልክት፦ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መበላሸት፣ ለደቂቃዎች የጠፋና የተመለሰ የአንድ ዓይን ብርሃን፣ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ምላስ። ከሁሉ በላይ የሚያስጠነቅቀው የራስ ሲቲው ሊያስረዳው የማይችል ድክመት ነው። ግራ እጁ ዝሎ ሲቲው ንጹሕ ከሆነ «መናወጥ ነው» ብሎ ከመዝጋት በፊት ወደ አንገት ይውረዱ።

ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከጆሮ በብዛት የሚወጣ ደማቅ ቀይ ደምም እዚህ ይካተታል።

እርምጃ 4፦ ምልክት ሳይኖር ማን ይነሣ?

አብዛኞቹ ታካሚዎች ስትሮክ እስኪመጣ ምንም ምልክት የላቸውም። ስለዚህ ምርመራው የሚወሰነው አብሮ በተገኘው ሌላ ጉዳት ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተዘጋጀውና ኋላም የሰፋው መስፈርት በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በከባድ ኃይል ተጎድቶ ከሚከተሉት አንዱ ካለበት፣ ደህና ቢመስልም አንገቱ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይነሣ፦

– የመካከለኛው ፊት አጥንት ስብራት ሌፎር 2 ወይም 3፣ ወይም የታችኛው መንጋጋ ስብራት
– የራስ ቅል ወለል ስብራት፣ ወይም ራስ ቅል ከአንገት የሚገናኝበት አጥንት ስብራት
– የአንገት አከርካሪ ስብራት፣ መውለቅ ወይም የጅማት መቀደድ፣ በየትኛውም ከፍታ
– የግላስጎ ኮማ ነጥብን (የንቃት መለኪያ) ከ6 በታች ያወረደ ከባድ የአንጎል ጉዳት
– ከደረት ጉዳት ጋር የመጣ የአንጎል ጉዳት፣ የላይኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ስብራት፣ የደረት ትልልቅ ደም ሥሮች ጉዳት
– ተሰቅሎ ወይም ታንቆ በኦክስጅን እጥረት አንጎሉ የተጎዳ
– አንገቱ ላይ የቀበቶ ወይም የገመድ ምልክት ኖሮት ከፍ ያለ እብጠት፣ ሕመም ወይም የንቃት መቀነስ ያለበት
– የራስ ቆዳው ከአጥንቱ የተገፈፈ

የቀበቶ ምልክት ብቻውን፣ እብጠትም ሕመምም ሳይኖር፣ በዝርዝሩ ውስጥ አይቆጠርም። ቢሆንም ይህ ዝርዝር አጥር አይደለም። ከዝርዝሩ ውጭ ሆነው ጉዳት የሚገኝባቸው ታካሚዎች አሉ፤ በዚህም ምክንያት ከባድ አደጋ የደረሰበትን ሁሉ ሙሉ አካሉን በሲቲ ሲያነሱ የአንገቱን አንጂዮግራፊ አብረው የሚያነሱ ማዕከላት እየበዙ ነው። መሣሪያው ካለና ታካሚው ለማንኛውም ኮንትራስት የሚሰጠው ከሆነ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። የሚጨመረው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ የሚያመልጥ ካሮቲድ ግን ዕድሜ ልክ ሽባ ያደርጋል።

ለብቻው መነሣት ያለበት መታነቅ ነው። በሌላ ሰው እጅ ታንቆ የተረፈ ሰው አንገቱ ላይ አንዳች ምልክት ላይኖርበት ይችላል። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ሽንቱ ወይም ሰገራው ካመለጠው፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ መዋጥ ካስቸገረው፣ በዓይኑ ነጭ ወይም በፊቱ ላይ ነጠብጣብ የደም ምልክት ካለ፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይገባዋል። ታካሚዋን ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ «ወድቃ ነው» እያለ አብሯት የገባው ሰው ያነቃት ራሱ ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 5፦ ምስሉን በትክክል ማዘዝ

ትእዛዙ ላይ «የአንገት ሲቲ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከአኦርታ ቅስት ተነሥቶ አንጎል ውስጥ እስከ ዊሊስ ቀለበት (በአንጎል ሥር ያለ የደም ቅዳዎች ቀለበት) የሚደርስ ሲቲ አንጂዮግራፊ ብለው ይጻፉ፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከራስ ቅል ወለል ሥር ስለሆነ አጥሮ የተነሣ ምስል የሚፈለገውን ቦታ ይቆርጠዋል። መሣሪያው ቢያንስ 16 ስላይስ ይሁን፤ 64 ከሆነ የተሻለ ነው። በክርን እጥፋት ላይ ሰፊ ካኑላ ያስፈልጋል፣ ቢቻል በቀኝ እጅ፤ በግራ እጅ የገባ ኮንትራስት በደረት ፊት ሲያልፍ የደም ቅዳዎቹን መነሻ በነጸብራቁ ይጋርዳል። ጥያቄውን ለሬዲዮሎጂስቱ በግልጽ ይንገሩ፦ «የቀኝ ካሮቲድ ዲሴክሽን ጠርጥሬያለሁ» ማለት «አደጋ» ብሎ ከመጻፍ የተለየ ንባብ ያስገኛል።

በአልትራሳውንድ ደህና ነው ተብሎ አይዘጋ። ዶፕለር መንጋጋ አጥንት ከጋረደው በላይ ያለውን ውስጣዊ ካሮቲድ አያይም፤ ይህ ጉዳት የሚወደው ደግሞ እዚያን ቦታ ነው። ኤምአርአይ በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ የገባውን ደም በጨረቃ ቅርጽ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሰውነቱ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በካቴተር የሚደረገው አንጂዮግራፊ የሲቲው መልስ ሲያጠራጥር ወይም በዚያው ሕክምና ሊሰጥ ሲታሰብ ይመጣል።

ሲቲ አንጂዮግራፊ በሌለበት ቦታ ያላችሁ፣ መስፈርቱን ያሟላን ታካሚ ወደሚኖርበት ላኩት። እስኪሄድ ድረስ በየሰዓቱ ንግግሩን፣ እጅና እግሩን፣ ብሌኖቹን እየመረመራችሁ ጻፉ። ሌላ የሚደማ ቦታ ከሌለው አስፕሪን ይጀመር እንደሆነ ተቀባዩን ሐኪም በስልክ ጠይቁ፤ ጉዞው ረጅም ከሆነ ይህ ጥያቄ ሊዘለል አይገባም።

እርምጃ 6፦ ደረጃውን ማውጣት

እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው የዴንቨር መለኪያ አምስት ደረጃ አለው።

ደረጃ 1፦ የግድግዳው መሻከር፣ ወይም መተላለፊያውን ከ25 በመቶ በታች ያጠበበ ዲሴክሽን
ደረጃ 2፦ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ያጠበበ፣ ወይም ውስጡ የረጋ ደም ወይም የተነሣ የሽፋን ቅዳጅ የሚታይበት
ደረጃ 3፦ ሱዶአኑሪዝም፣ ማለትም ግድግዳው ተበስቶ ወደ ውጭ ያበጠ ከረጢት
ደረጃ 4፦ ሙሉ በሙሉ መዘጋት
ደረጃ 5፦ ተቆርጦ ደም ወደ ውጭ የሚፈስበት

በመጀመሪያው ጥናት የካሮቲድ ጉዳት ካለባቸው ውስጥ ስትሮክ ያገኛቸው በደረጃ 1 ላይ 3 በመቶ፣ በ2 ላይ 11፣ በ3 ላይ 33፣ በ4 ላይ 44፣ በ5 ላይ 100 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ለታካሚ እንደ ትንቢት አይንገሩ። የሚያሳዩት ነገር ደረጃው ሲወጣ አደጋውም እንደሚወጣ ነው። ደረጃ 1 ደግሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ሳይታከም በቀናት ውስጥ ወደ 2 ወይም 3 የሚያድግ አለ።

እርምጃ 7፦ ደም እንዳይረጋ ማድረግ

ከደረጃ 1 እስከ 4 ላሉት የመጀመሪያው ሕክምና የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ነው። ሁለት ምርጫ አለ።

አስፕሪን፦ በቀን ከ75 እስከ 325 ሚሊ ግራም፣ በአፍ ወይም መዋጥ ለማይችል በፊንጢጣ። ለመስጠት ቀላል ነው፣ የላቦራቶሪ ክትትል አይፈልግም።

ሄፓሪን፦ በደም ሥር በተከታታይ የሚንጠባጠብ፣ በኪሎ ግራም በሰዓት 15 ዩኒት ገደማ፣ ያለ መነሻ ቦለስ (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ትልቅ መጠን)፤ ኤፒቲቲ (የደም መርጊያ ጊዜ ምርመራ) ከ40 እስከ 50 ሰከንድ እንዲሆን ይስተካከላል። ቦለስ የማይሰጠው ይህ ታካሚ ሌላም ቦታ የተጎዳ ስለሆነ ነው። ለሳንባ የደም መርጋት የሚሠራበትን ፕሮቶኮል ከግድግዳው ላይ አንብቦ እንዳለ መጀመር እዚህ ጥፋት ነው።

ከሁለቱ አንዱ ስትሮክን በመከላከል ከሌላው እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ ታካሚው በሚቀጥሉት ቀናት ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ከሆነ ወይም የመድማት ስጋቱ ካየለ ሄፓሪን፤ ሲቆም በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ያጣል፣ ማርከሻውም ፕሮታሚን አለ። ሌላ ነገር ለማይጠብቀው አስፕሪን ይበቃዋል።

ከባዱ ውሳኔ አንጎሉ ውስጥ የደማ፣ ጉበቱ ወይም ጣፊያው የተቀደደ ሰው ላይ ነው። በልማድ መልሱ «አይነካም» ይሆንና ቀኑ ያልፋል። ነገር ግን መድኃኒቱን መከልከልም ምርጫ ነው፤ ዋጋውም ስትሮክ ነው። የሚደረገው የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን፣ የአደጋ ቀዶ ሐኪሙንና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሙን አንድ ላይ አነጋግሮ ቁርጥ ያለ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። የራስ ሲቲው ተደግሞ ደሙ እንዳልጨመረ ካሳየ፣ ሄሞግሎቢኑም ካልወረደ፣ ብዙ ማዕከላት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። «በኋላ እናያለን» ብሎ በካርዱ ላይ መጻፍ ውሳኔ አይደለም፤ ከቀኑ ፈረቃ ወደ ማታው ሲሸጋገር የሚጠፋው ይኸው ነው።

የደም ግፊቱም ሕክምና ነው። በጠበበ ደም ቅዳ ላይ ግፊት ሲወርድ አንጎል ይራባል። ደም እየፈሰሰ ላለ ሰው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የማቆየት ልማድ አንጎሉ ወይም ካሮቲዱ ለተጎዳ አይሆንም፤ የላይኛው ቁጥር ከ110 እንዳይወርድ ይጠብቁ።

እርምጃ 8፦ ቀዶ ሕክምናና ስቴንት

ደረጃ 5 እና በስለት የተቆረጠ ካሮቲድ የቀዶ ሐኪም ነው። መግቢያው በአንገት የጎን ጡንቻ የፊት ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጉዳቱ በታችና በላይ ደም ቅዳው ሳይያዝ እብጠቱ አይከፈትም። ንጹሕ ቁርጥ በስፌት ይዘጋል፤ የጎደለው በፓች ወይም ከእግር በተወሰደ ደም መልስ ይተካል። ጥገናው የሚዘገይ ከሆነ በጊዜያዊ ቱቦ ደሙን ማሳለፍ ይቻላል። ውጫዊው ካሮቲድ ቢታሰር ብዙ ጉዳት የለውም፤ ዋናውን ወይም ውስጣዊውን ማሰር ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ የአንድ ወታደር የተቀደደ ካሮቲድ አስሮ ሕይወቱን አትርፏል፤ ወታደሩ ግን አንደበቱ ተዘጋ፣ ግማሽ አካሉም ሽባ ሆነ። ዛሬም ተጎጂው በአንድ ጎን ዝሎ ቢመጣ እንኳ፣ ሊጠገን የሚችል ከሆነ መጠገን ከማሰር የተሻለ ውጤት አለው።

ስቴንት (ደም ቅዳውን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ መረብ መሰል ቱቦ) በደረጃ 2 እና 3 ላይ በልማድ አይገባም። ከገባ ሁለት ፀረ ፕላትሌት መድኃኒት ለወራት ያስከትላል፤ ይህ ለተጎዳ ሰው ቀላል ሸክም አይደለም። የሚታሰበው ሱዶአኑሪዝሙ ሲያድግ፣ መድኃኒት እየወሰደ ስትሮክ ሲደጋገም፣ ወይም ቀዶ ሕክምና በማይደርስበት የራስ ቅል ወለል ላይ ደም ሲፈስ ነው።

እርምጃ 9፦ ስትሮኩ ከመጣ

አዲስ መዛል ወይም የንግግር መበላሸት ከታየ መጨረሻ ደህና የታየበትን ሰዓት ይያዙ፣ የራስ ሲቲና ሲቲ አንጂዮግራፊ ወዲያው ይድገሙ። በደም ሥር የሚሰጠው ደም ማሟሚያ ለከባድ አደጋ ተጎጂ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። በአንጎል ውስጥ ትልቁ ደም ቅዳ ከተዘጋ ግን የረጋውን ደም በካቴተር ማውጣት ይቻላል፤ ለተመረጡ ታካሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ የት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ።

እርምጃ 10፦ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ከዚያም ከ3 እስከ 6 ወር

ሲቲ አንጂዮግራፊው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ሁኔታው ከተቀየረ ከዚያም ቀድሞ። ደረጃ 1 ከሆኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ጊዜ ድነው ይገኛሉ፤ መድኃኒቱም ሊቆም ይችላል። ሱዶአኑሪዝም በራሱ የሚድነው ከስንት አንድ ነው። ያልዳነ ሁሉ ሕክምናውን ከ3 እስከ 6 ወር ቀጥሎ እንደገና ይነሣል። ያኔም ጠባብ ሆኖ ከቀረ ብዙ ሐኪሞች አስፕሪኑን ዕድሜ ልክ ያስቀጥሉታል።

ታካሚው ሲሸኝ እነዚህን በሚገባው ቋንቋ ይስማ፦ አስፕሪኑን ሕመሜ ጠፋ ብሎ እንዳያቆም፤ አንገቱን ማንም እንዳያሸው፣ እንዳይጠመዝዘው፣ «ቋ» እንዳያደርገው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ከግጭት ስፖርትና ከከባድ ሸክም እንዲርቅ። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መያያዝ ወይም የአንድ ዓይን ድንገተኛ መጨለም ለደቂቃ እንኳ ታይቶ ቢጠፋ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይምጣ። አንገቱ ላይ የሚመታ እብጠት ከወጣ፣ ምላሱ ካጋደለ ወይም ድምፁ ከጎረነነ ሱዶአኑሪዝሙ እያደገ ሊሆን ይችላል። አብሮት የሚኖር ሰውም ይህን ይስማ፤ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ራሱ ላያስተውለው ይችላል።

የመሸኛ ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይስፈር፦ የትኛው ጎን፣ ስንተኛ ደረጃ፣ የትኛው መድኃኒትና መጠኑ፣ እስከ መቼ፣ የሚቀጥለው ሲቲ አንጂዮግራፊ ቀን። አስፕሪኑ ለምን እንደታዘዘ ካልተጻፈ ከወር በኋላ ለጥርስ ወይም ለጨጓራ የሚያየው ሌላ ሐኪም ያቆመዋል።